የሞተር ሳይክል ውድድር ለመመልከት የሚደረግ የውጭ አገር ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

የሞተር ሳይክል ውድድርን ለዓመታት በቴሌቪዥን ሲከታተል የቆየ ሰው በአካል ተገኝቶ ለማየት የወሰነ ዕለት፣ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ርካሽ የአውሮፕላን ትኬት መፈለግ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን የተገለበጠ ነው። ሌላ ጉዞ ለተጓዡ በተመቸው ጊዜ ሊደረግ ይችላል፤ ይህኛው ሌሎች በወሰኑት ቀን ላይ የታሰረ ሲሆን፣ ያንኑ ቀን ደግሞ ዝናብ፣ ነፋስ ወይም ጉም ሊያናጋው ይችላል። ስለዚህ አንድም ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ሁለት ነገሮችን ይጠይቁ፤ ቀኑ ምን ያህል የጸና ነው? ቢለወጥስ የከፈሉት ገንዘብ ምን ይሆናል?

ስጋቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። በ2009 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኳታር ሉሳይል ሊካሄድ የነበረው የሞቶ ጂፒ (የዓለም ሻምፒዮናው ከፍተኛ ምድብ) ውድድር እሑድ ማታ በጣለው ዝናብ ምክንያት ወደ ሰኞ ተላለፈ። በ2018 በእንግሊዝ ሲልቨርስቶን፣ እንደ አዲስ የተነጠፈው አስፋልት የዝናቡን ውኃ አላሳልፍ በማለቱ፣ ተመልካቹ ለሰዓታት ከጠበቀ በኋላ ውድድሩ ጨርሶ ተሰረዘ። በ2023 ደግሞ በአውስትራሊያ ፊሊፕ አይላንድ ለእሑድ የተተነበየው ኃይለኛ ነፋስ ስላሰጋ ዋናው ውድድር ወደ ቅዳሜ እንዲቀድም ተደረገ፤ በምትኩ ወደ እሑድ የተዛወረው አጭር ውድድር ሳይካሄድ ቀረ። የእሑድን ትኬት ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ዋናውን ውድድር አላየም ማለት ነው። አንዱ ወደ ኋላ፣ አንዱ ወደ ፊት ሄደ፤ አንዱ ደግሞ ጠፋ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መድኃኒት አለ፤ ሐሙስ ደርሶ የሦስቱን ቀን ትኬት መያዝና የመመለሻውን በረራ ከማክሰኞ በፊት አለመቁረጥ። ለሦስተኛው ግን የትኬቱን የገንዘብ ተመላሽ ውል አስቀድሞ ከማንበብና ጉዞው ያለ ውድድሩም የሚያስቆጭ እንዳይሆን አድርጎ ከማቀድ በቀር ሌላ መላ የለም።

የትኛውን ውድድር እንደሚያዩ ሲመርጡ የእያንዳንዱን ጠባይ መለየት ይገባል። በ1949 የተጀመረው የዓለም ሻምፒዮና ቁንጮ የሆነው ሞቶ ጂፒ ዓርብ ልምምድ፣ ቅዳሜ የመነሻ ቦታ የሚለይበት ማጣሪያ፣ እሑድ ዋናው ውድድር ይካሄድበታል፤ ከ2023 ወዲህ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የዋናውን ግማሽ ያህል ርቀት የሚሸፍን ስፕሪንት ተጨምሮበታል። ዋናው ውድድር ራሱ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጀው። ለእሑድ ብቻ ባሕር ተሻግሮ የሚሄድ ሰው የጉዞውን ወጪ በሙሉ ከአንድ ሰዓት ላነሰ ትዕይንት ያወጣል፤ ዓርብና ቅዳሜን ግን ከጨመረ ከሞቶ ጂፒ በታች ያሉትን የሞቶ 3ንና የሞቶ 2ን ምድቦች አካትቶ ሦስት ቀን ሙሉ ያያል። በ1988 የተጀመረው የዓለም ሱፐርባይክ ሻምፒዮና ለገበያ ከሚቀርቡ ሞተር ሳይክሎች በመነሣት በተሠሩ ማሽኖች የሚካሄድ ሲሆን፣ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ሦስት ውድድሮች ያስተናግዳል። በእኔ አስተያየት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጓዝ ሰው የሚሻለው ይህ ነው፤ ሕዝቡ ብዙም አይጋፋም፣ ቡድኖቹ ወደሚሠሩበት ፓዶክ መቅረብም ከሞቶ ጂፒ ይልቅ ቀላል ነው።

የውድድር ዘመኑ መርሐ ግብር ሲወጣ «ጊዜያዊ» የሚል ቃል ከታየበት ቃሉን በቁም ነገር ይውሰዱት። ካዛክስታን በ2023ም በ2024ም በሞቶ ጂፒ መርሐ ግብር ውስጥ ገብታ ነበር፤ በሁለቱም ዓመታት ግን ውድድሩ አልተካሄደም። በአንጻሩ የኔዘርላንድሱ አሴን ከ1949 ጀምሮ፣ ወረርሽኙ ካቋረጠው ከ2020 በስተቀር፣ በየዓመቱ አስተናግዷል። አዲስ ትራክ ማየት የሚያጓጓ ቢሆንም፣ ገንዘቡን ቆጥቦ አንድ ጊዜ ብቻ ለሚጓዝ ሰው አንጋፋዎቹን መምረጥ ብልህነት ነው። እነርሱም ቢሆኑ ፍጹም ዋስትና አይሰጡም፤ በ2024 መጨረሻ ቫሌንሲያን ጎርፍ ባጠቃት ጊዜ የዘመኑ ማሳረጊያ ውድድር ወደ ባርሴሎና ተዛውሯል። ያለ ቅጣት ሊሰረዝ የሚችል መኝታ ያስያዘ ሰው ከተማውን ለወጠ፤ ቀድሞ የከፈለው ግን ተጎዳ።

ከዚህ በመነሣት የግዢው ቅደም ተከተል እንዲህ ቢሆን ይመረጣል። መርሐ ግብሩ እንደወጣ በመጀመሪያ የሚሰረዝ መኝታ ያስይዙ፤ በውድድር ሰሞን አስቀድሞ የሚያልቀው እርሱ ነውና። ቀጥሎ የመግቢያ ትኬቱን ይግዙ፤ ትኬቱ ለቪዛ ማመልከቻ የጉዞውን ዓላማ የሚያሳይ ማስረጃም ይሆናል። ከዚያ ቪዛውን ያመልክቱ። የማይመለስ የአውሮፕላን ትኬት የመጨረሻው ይሁን፤ ብዙ ጊዜ ማመልከቻው የሚፈልገው ቦታ የተያዘበትን ማስረጃ እንጂ የተከፈለበትን ትኬት አይደለምና ይህንኑ ከቆንስላው ያረጋግጡ።

በአውሮፓ የሚካሄዱት አብዛኞቹ ውድድሮች በሸንገን አገሮች (በአንድ የጋራ ቪዛ በሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ውስጥ በመሆናቸው የዚህን ቪዛ ደንብ ማወቅ ይጠቅማል። ማመልከቻው ቢፈጥን ለጉዞው ቀን 6 ወር ሲቀረው፣ ቢዘገይ ደግሞ 15 ቀን ሲቀረው መግባት አለበት፤ ውሳኔው በተለምዶ በ15 ቀን ውስጥ የሚሰጥ ቢሆንም እስከ 45 ቀን ሊራዘም ይችላል፤ ስለዚህ 15ኛውን ቀን መጠበቅ ከራስ ጋር መጫወት ነው። የአዋቂ ሰው ክፍያ ከ2024 አጋማሽ ወዲህ 90 ዩሮ ነው። ፓስፖርቱ ከሸንገን ክልል ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ለ3 ወር የሚያገለግል፣ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የተሰጠና ሁለት ባዶ ገጾች ያሉት መሆን አለበት፤ የጉዞ ኢንሹራንሱም ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን ይጠበቅበታል። ሁለት አገሮችን የሚጎበኙ ከሆነ የሚያመለክቱት ዋናው መዳረሻዎ ለሆነው አገር ነው። ብሪታንያ ከሸንገን ውጭ ስለሆነች ለሲልቨርስቶን ሌላ ቪዛ ያስፈልጋል። የቪዛ ጣጣ ደግሞ ተመልካችን ብቻ የሚያጋጥም አይምሰልዎ፤ በ2023 ሞቶ ጂፒ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሕንድ ሲሄድ በወቅቱ የስድስት ጊዜ የሞቶ ጂፒ ሻምፒዮን የነበረው ማርክ ማርኬዝ ሳይቀር ቪዛው ዘግይቶበት ጉዞው ተስተጓጉሏል።

ማደሪያን በተመለከተ፣ ትራኮች ብዙውን ጊዜ የሚገኙት ከትልልቅ ከተሞች ርቀው ነው። የጣሊያኑ ሙጄሎ ከፍሎረንስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በኮረብታዎቹ ላይ ድንኳን ተክሎ የሚያድረው ሕዝብ ሌሊቱን ሞተር ሲያስጮኽ ያነጋል፤ ይህን እንደ በዓል የሚቆጥረው አለ። መተኛት የሚፈልግ ግን ከተማ አድሮ ገና ሳይነጋ ቢነሣ ይሻለዋል። እሑድ ማታ ረጅም መንገድ ለመጓዝ አያቅዱ፤ ከትራኩ የሚወጣው መንገድ ብቻውን ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል።

በብሪታንያና በአየርላንድ መካከል በምትገኘው ደሴት የሚካሄደው የአይል ኦፍ ማን ቲቲ ውድድር ራሱን የቻለ ዝግጅት የሚጠይቅ ነው። ከ1907 ጀምሮ የሚታወቀው ይህ ውድድር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሜይ መጨረሻና በጁን መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ያህል የሚቆይ ሲሆን፣ የሚካሄድበት የተራራው መስመር አንድ ዙር 60.7 ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ በሌላው ጊዜ ተሽከርካሪ የሚመላለስበት ተራ የሕዝብ መንገድ ነው። ደሴቲቱ የዩናይትድ ኪንግደም አካል ባትሆንም ለጎብኚ የብሪታንያ ቪዛ ያገለግላል። ሞተር ሳይክል ወይም መኪና ይዞ የሚሄድ ሰው ከሄሻም ወይም ከሊቨርፑል በመርከብ ይሻገራል፤ እንግዲህ እዚህ ላይ ከመኝታም ከምንም በፊት የሚያልቀው የመርከቡ ቦታ ነውና ከላይ የሰጠሁት ቅደም ተከተል ለዚህ ውድድር አይሠራም፤ መርከቡ ይቅደም። ሆቴሎቹ ስለማይበቁ ነዋሪዎች በቤታቸው እንግዳ የሚያሳድሩበት ሥርዓት አለ፤ እርሱንም ቢሆን ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

በቲቲ ተወዳዳሪዎቹ በየ10 ሴኮንዱ አንድ በአንድ እየተነሡ ከሰዓት ጋር ስለሚወዳደሩ፣ ከፊትዎ ቀድሞ ያለፈው እየመራ ያለው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ የሬዲዮ ሥርጭት መከታተያ ሳይዙ መንገድ ዳር መቆም ትርጉሙን ያሳጣዋል። መንገዱ ከተዘጋ በኋላ እስኪከፈት ድረስ መሻገር አይቻልም፤ ብሬይ ሂልን፣ ሞተሮቹ ከመሬት የሚነሡበትን ባላፍ ብሪጅን ወይም ሌላውን ቦታ አስቀድመው ወስነው፣ ምግብና ውኃ ይዘው፣ ለብዙ ሰዓት እንደሚቆዩ ቆጥረው ይግቡ። ክልክል የሚል ምልክት ያለበት ቦታ በእርግጥም አደገኛ ነው፤ መስመሩ የብዙ ተወዳዳሪዎችን ሕይወት የቀጠፈ ነው። ጉም ተራራውን በሸፈነ ቁጥር መርሐ ግብሩ ስለሚገፋ ለአንድ ቀን ብቻ መሄድ ዕድልን መሞከር ነው፤ ቢያንስ አራት ወይም አምስት ቀን ይመድቡ።

ለውድድር በተሠራ ትራክ ላይ የመቀመጫ ምርጫ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ጉዳይ ነው። ዋናው ቀጥታ መንገድ ፊት ለፊት ያለው ትሪቡን ውድ ነው፤ በሰዓት ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበር ሞተር ግን ከዓይን ጥቅሻ በፈጠነ ቅጽበት ያልፋል፤ የሚቀረው ድምፁ ነው። መቀዳደም የሚታየው ፍሬን በሚያዝበትና መንገዱ በሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ በሙጄሎ የቀጥታው መንገድ ማብቂያ ላይ ያለው የሳን ዶናቶ ኩርባ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቦታውን ሲመርጡ ግዙፍ የቴሌቪዥን ስክሪን ከፊት ለፊቱ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ያለ እርሱ ሌላው የትራኩ ክፍል ላይ የሚሆነውን አያውቁም። ወንበር የማይሰጠው ርካሹ ትኬት እንደ ሙጄሎ ባሉ ኮረብታማ ቦታዎች በጣም ያዋጣል፤ መሬቱ ሜዳ በሆነበት እንደ አሴን ባለ ቦታ ግን ለትሪቡን መክፈል ይሻላል። ዓርብ ዕለት፣ ሕዝቡ ሳይበዛ፣ ትራኩን ዞር ዞር ብለው ይቃኙት።

የጆሮ መድፈኛ፣ ባርኔጣና የዝናብ ልብስ አይርሱ። ትኬቱን ስልክዎ ላይ አስቀድመው አውርዱት፤ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ቦታ ሲሰበሰብ ኔትወርክ ይጨናነቃል።

ኢንሹራንሱን ሲገዙ የሕክምና ሽፋኑን ብቻ ሳይሆን የውድድሩ መሰረዝ የሚሸፈን መሆኑን በግልጽ ይጠይቁ፤ ብዙ ውሎች የተጓዡን መታመም እንጂ የዝግጅቱን መቅረት አያካትቱም። እዚያው ሞተር ሳይክል ተከራይተው ለመንዳት ካሰቡም ዓለም አቀፍ የመንጃ ፈቃድ ይዘው፣ ዋስትናው እስከ ስንት ሲሲ እንደሚሸፍን አይተው ይሂዱ።

ውድድሩ ሲያልቅ ወደ በሩ አይሩጡ። በሙጄሎ ተመልካቹ ከፍጻሜው በኋላ ወደ ትራኩ መግባቱ የቆየ ልማድ ነው፤ መንገዱ እስኪቀል ድረስ በእግርዎ ሲጓዙ በቴሌቪዥን ሜዳ ይመስል የነበረው ትራክ ምን ያህል ዳገትና ቁልቁለት እንደሆነ ያዩታል።