የካናቢስ ኩባንያ «ፈቃዱ ዘገየብን» ሲላችሁ እንዴት ታጣራላችሁ?

«የሄልዝ ካናዳን ፈቃድ እየጠበቅን ነው።» ሄልዝ ካናዳ የካናቢስ (የማሪዋና) ፈቃድ የሚሰጠው የካናዳ ፌዴራል የጤና መሥሪያ ቤት ነው። የካናዳ ካናቢስ ኩባንያ አክሲዮን ያለው ሰው ይህችን ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ያነባታል። አንዳንዴ እውነት ናት። አንዳንዴ ደግሞ የሌላ ችግር መሸፈኛ ናት።

መዘግየት በራሱ ጥፋት አይደለም። ካናቢስን ሕጋዊ ያደረገው የካናዳ ሕግ ራሱ ዘግይቷል፤ ለጁላይ 2018 ሲጠበቅ ኦክቶበር 17 ቀን 2018 ነው ሥራ ላይ የዋለው። ጥፋቱ የተባለው ቀን ሲያልፍ ዝም ማለት ነው። በቶሮንቶም ሆነ በካልጋሪ ሠርታችሁ ያጠራቀማችሁትን ገንዘብ እዚህ ዘርፍ ላይ ካዋላችሁ፣ ድርጅቱ ምን ላይ እንደደረሰ ማወቅ መብታችሁ ነው።

1. የዘገየው ማን ነው?

ይህን ጥያቄ ሳትመልሱ ወደ ሌላው አትለፉ። በሜይ 2019 ሄልዝ ካናዳ አሠራሩን ቀይሯል። ከዚያ ወዲህ ለማምረት ወይም ለማቀነባበር አዲስ ፈቃድ የሚጠይቅ ድርጅት፣ ከማመልከቱ በፊት ግንባታውን መጨረስ አለበት። ስለዚህ ግሪንሀውሱ ገና ጣሪያ ያልለበሰ ኩባንያ «መንግሥት አዘገየን» ካለ፣ ያዘገየው መንግሥት ሳይሆን ግንባታው ወይም የገንዘብ እጥረቱ ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። የካናቢስ ምግብና መጠጥ ደንብ የወጣው በጁን 2019 ሲሆን፣ ሥራ ላይ የዋለው በዚያው ዓመት ኦክቶበር 17 ቀን ነው። ነገር ግን አምራቹ አዲስ ምርት ከመሸጡ 60 ቀን በፊት ለሄልዝ ካናዳ ማሳወቅ ነበረበት። ስለዚህ ከዲሴምበር አጋማሽ በፊት ገበያ ላይ የሚቀርብ ነገር አልነበረም። ደንቡ ከወጣ በኋላ «በኦክቶበር መሸጥ እንጀምራለን» ያለ ሥራ አስኪያጅ በኋላ «ዘገየብን» ቢል ተቀባይነት የለውም። ቀኑ ቀድሞ የታወቀ ነበር።

2. የድሮ ቃላቸውን አውጡ

ሴዳር ፕላስ የሚባለው የካናዳ የሰነድ ማኅደር ለማንም ክፍት ነው፣ ክፍያም የለውም። የኩባንያውን ስም ጻፉና ያለፉትን ሁለት ዓመታት መግለጫዎች አውርዱ። ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ መግለጫው የወጣበት ቀን፣ ምን እንደተባለ፣ መቼ ይሆናል እንደተባለ።

እንበል፣ በማርች «የሁለተኛው ሕንፃ ፈቃድ በዓመቱ አጋማሽ ይደርሰናል» ተብሏል። በጁን መግለጫ ላይ «በሁለተኛው ግማሽ ዓመት» ሆኗል። በኖቬምበር ቀኑ ጭራሽ ጠፍቶ «በቅርቡ» ብቻ ቀርቷል። እያንዳንዱን መግለጫ ለብቻው ስታነቡት ምንም አይታያችሁም። ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ግን ቀኑ ሁለቴ እንደተገፋ፣ ለምን እንደተገፋም አንድም ቃል እንዳልተጻፈ ታያላችሁ።

ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የካናዳ የአክሲዮን ገበያ ደንብ፣ ኩባንያው ቀድሞ የሰጠው ጠቃሚ ትንበያ በእጅጉ ሊለወጥ እንደሚችል ካወቀ፣ በሩብ ዓመቱ የአመራር ማብራሪያ ውስጥ እንዲያነሳው ያስገድዳል። የአክሲዮኑን ዋጋ በእጅጉ ሊነካ የሚችል የሥራ ለውጥ ሲኖር ደግሞ መግለጫው ወዲያውኑ፣ ሪፖርቱ በ10 ቀን ውስጥ መውጣት አለበት።

3. ከራሱ ከተቆጣጣሪው አረጋግጡ

ሄልዝ ካናዳ ፈቃድ ያላቸውን አምራቾች፣ አቀነባባሪዎችና ሻጮች ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ ያወጣል። ኩባንያው «ፈቃድ አለን» ካለ ስሙንና የፈቃዱን ዓይነት እዚያ ፈልጉ። የማምረት ፈቃድ አለው ማለት የመሸጥ ፈቃድ አለው ማለት አይደለም።

የዝርዝሩን ገደብም እወቁ። ካንትረስት የተባለው ኩባንያ ኦንታርዮ ውስጥ፣ ፔልሃም ላይ ያለው ግሪንሀውሱ ፈቃድ ነበረው። ከኦክቶበር 2018 እስከ ማርች 2019 ግን ፈቃዳቸው ገና ባልወጣላቸው አምስት ክፍሎች ውስጥ ሲያመርት ነበር። ባለአክሲዮኖች ይህን የሰሙት ጁላይ 8 ቀን 2019 ነው። በመካከሉ፣ በሜይ፣ ኩባንያው አዲስ አክሲዮን ለሕዝብ ሸጧል። ዜናው ሲወጣ ዋጋው አሽቆለቆለ፤ በሴፕቴምበር ፈቃዱ ታገደ፤ በማርች 2020 ባለዕዳዎቹ እንዳይከሱት ፍርድ ቤትን ከለላ ጠየቀ። በ2021 የተከሰሱት የቀድሞ ኃላፊዎች በ2022 መጨረሻ ነፃ ተብለዋል። ያም ሆኖ፣ በሜይ የገዛ ሰው ስለነዚያ ክፍሎች ሳያውቅ ነው የገዛው። «ፈቃድ አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ የማይበቃው ለዚህ ነው። «የትኞቹ ክፍሎች ፈቃድ አላቸው? የትኞቹ ይጠብቃሉ?» በሉ።

4. ጥበቃውን በምን ገንዘብ እየተወጡት ነው?

ፈቃድ ሲዘገይ ኪራይ፣ ደሞዝና ወለድ አይቆምም። የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ክፈቱና በእጅ ያለውን ጥሬ ገንዘብ በሩብ ዓመቱ ከወጣው ጋር አነጻጽሩ። ለሁለት ሩብ ዓመት የማይበቃ ከሆነ አዲስ አክሲዮን መሸጣቸው ወይም መበደራቸው አይቀርም። አዲስ አክሲዮን ከወጣ የእናንተ ድርሻ ይሳሳል። «ድርጅቱ ሥራውን መቀጠል መቻሉ ያጠራጥራል» የሚል ማስታወሻ ካለም አትዝለሉት። ሴዲ የሚባለው መዝገብ ላይ ደግሞ አመራሮቹ ራሳቸው አክሲዮን መሸጥ አለመሸጣቸውን ታያላችሁ።

አሜሪካ ውስጥ የሚሠሩ፣ ግን ካናዳ ገበያ ላይ የተመዘገቡ ኩባንያዎችም አሉ። እነዚህ ብዙ ጊዜ ተስፋቸውን ሲጥሉ የቆዩት የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ካናቢስን እጅግ ጥብቅ ቁጥጥር ካለበት የአደንዛዥ ዕፅ መደብ ወደ ቀለለ መደብ እንዲያወርድ ነው። ሐሳቡ በሜይ 2024 በይፋ ቀርቦ፣ ለጃንዋሪ 2025 የተያዘው የምስክሮች ችሎት ተራዘመ። ኩባንያው በማያዝበት ነገር ላይ ቀን ቆርጦ ከነገራችሁ ተጠንቀቁ። ታማኝ የሆነው «ቀኑን አናውቅም፤ ባይሆንም እንዲህ አድርገን እንቆያለን» ይላል።

5. ጻፉላቸው

መግለጫው ግርጌ ላይ የባለሀብቶች ግንኙነት ኢሜይል አለ። አጭር አድርጋችሁ ጠይቁ፦ ማመልከቻው የገባው መቼ ነው? ሄልዝ ካናዳ ተጨማሪ መረጃ ጠይቋችኋል? መልስ የሚጠበቀው ከማን ነው? ያልተነገረ ምስጢር ለአንድ ባለአክሲዮን ለይተው መንገር አይችሉም፤ ይህ ትክክል ነው። ቀድሞ የወጣውን በግልጽ ማስረዳት ግን ይችላሉ።

መልስ ካጣችሁ ዓመታዊውን ስብሰባ ጠብቁ። አክሲዮናችሁ በደላላ በኩል የተያዘ ከሆነ፣ በሚላክላችሁ የድምፅ መስጫ ቅጽ ላይ ተወካይ በሚለው ቦታ የራሳችሁን ስም ጻፉና ቀነ ገደቡ ሳያልፍ መልሱ። ያኔ ስብሰባው ላይ ራሳችሁ ተገኝታችሁ ድምፅ ትሰጣላችሁ፤ ጥያቄያችሁንም ከዚያው ታነሳላችሁ።