ለዘጋቢ ፊልም ሙዚቃ ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የምኖረውም የምሠራውም ባሕር ዳር ነው። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን ነክ ምስል ሲመጣ ሁሉ በገና መደርደር ነው። ጎንጅ አካባቢ በቅኔ ተማሪዎች ላይ የተቀረጸ ምስል ተሰጥቶኝ ነበር። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው ሲወጡ ሳይ ሳልውል ሳላድር በገናዬን ጫንኩበት። ምስሉን ያዩ አንድ መሪጌታ ግን «ልጄ፣ የተማሪው ድምፅ የት ሄደ?» አሉኝ። ለካ ተማሪዎቹ ቅኔ ሲቆጥሩ የሚያጉረመርሙት፣ እርስ በርሱ የሚደራረበው ድምፅ ራሱ ዜማ ኖሯል፤ እኔ ነኝ የቀበርኩት። በገናውን ሙሉ በሙሉ አወጣሁት፤ ከሥራዎቼ ሁሉ የምወደው ትዕይንት ዛሬም እሱ ነው። የበገና 10 አውታሮች የጸሎት ድምፅ ናቸው፣ በብዛት የሚሰሙትም በዐቢይ ጾም ነው። ሠርግ ላይ ብታስገቡት ወይም የሁዳዴን ትዕይንት በማሲንቆ ብታጅቡት፣ የደብረ ማርቆስ ተመልካች ቅር ይለዋል።

ለኀዘን ሁሉ የትዝታ ቅኝት መጫንም እንዲሁ ነው። ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉ ሌሎች ቅኝቶች እያሉልን ሁልጊዜ ወደ አንድ ቅኝት የምንሮጠው ስለሚቀል ብቻ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ገና አፏን ሳትከፍት ትዝታ ከተሰማ፣ ተመልካቹ እሷን ሳይሰማ እንዲያለቅስ እያዘዝነው ነው። ቃሏን ትጨርስ፤ ሙዚቃው ከዝምታዋ በኋላ ይግባ።

ማሲንቆን በንግግር ሥር አታስኪዱ። ድምፁ ከሰው ድምፅ ጋር ይቀራረባል፣ ስለዚህ ቃላቱን ይውጣቸዋል። ተናጋሪው ትንፋሽ እስኪወስድ ጠብቁ።

ባለመሣሪያውን በኮምፒውተራችሁ ድምፅ ልክ ካልቃኘህ ብሎ ማስገደድም ጥፋት ነው። በለመደው ይቃኝ፤ የሚስተካከለው ኮምፒውተሩ ነው፣ ለዚያ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ኤዲቲንጉ ሳያልቅ ሙዚቃ አትጨርሱ። ለአውድማ ትዕይንት ሽለላ ሠርቼ አስረክቤ፣ በኋላ ከምስሉ 40 ሰከንድ ተቆረጠ። በሴኮንድ 25 ፍሬም ለሚሄድ ፊልም ይህ 1,000 ፍሬም ነው። በሬዎቹ ሲዞሩ ከፍ እንዲል ያሰብኩት ሽለላ ባዶ ገለባ ላይ ወደቀ።

ውል ደግሞ በቃል አይሁን። አንድ አሠሪ ሙዚቃዬን ለሌላ ሥራ ሲጠቀምበት በእጄ ወረቀት ስላልነበረኝ ዝም ብዬ አይቻለሁ። በ2007 የተሻሻለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የገንዘብ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ሙዚቃው ለየትኛው ፊልም፣ የት የት ለማሳየት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደተሰጠ ጻፉ።

ከሁሉ የሚያመኝ ግን ገበሬ ጤፍ ሲያበራይ ያንጎራጎረውን «የሕዝብ ዜማ ነው» ብሎ ዝም ብሎ ወስዶ መጠቀም ነው። ዜማው የሁሉ ቢሆን እንኳ ያዜመው ድምፅ የሰውየው ነው፤ አዋጁም ከዋኙን፣ ዜማውን ያሰማውን ሰው ማለት ነው፣ ያውቀዋል። እኔ አሁን ከቀረጻው በፊት እጠይቃለሁ፣ ከፍዬ እወስዳለሁ፣ በፊልሙ መጨረሻም ስም አስጽፋለሁ። ደጀን አጠገብ አንድ አባት ፈቃዳቸውን ሲሰጡኝ፣ ስማቸውን ከነአባታቸው ከነአያታቸው አስጻፉኝ።