ቦርሳ አንግባችሁ ከርማችሁ አዲስ አበባ ስትመለሱ ምን ይቀድማል?

አገር ላገር ሲዞር የሚከርም ሰው ለመሄዱ ብዙ ይዘጋጃል። ቪዛው፣ ክትባቱ፣ የሞያሌው አውቶቡስ፣ ሁሉም ይጠናል። ለመመለሱ ግን ማንም አይዘጋጅም። «ቤቴ አይደል እንዴ?» ይላል። ችግሩም እሱ ነው። ናይሮቢ ወይም ዛንዚባር ላይ ማንም ምንም አይጠብቅባችሁም። አራት ኪሎ ግን ያልደረሳችሁት ለቅሶ፣ ያልጠየቃችሁት አራስ፣ የተጠራቀመ የዕድር ክፍያ ይጠብቃችኋል። በቅደም ተከተል እንሂድ።

1. ከመሳፈራችሁ በፊት አንድ ሰው አናግሩ

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው አገር ብቻውን ላለ ልጅማ ጭራሽ አይታሰብም። «ሁሉም ደህና ነው፣ አንተ ብቻ ደህና ሁን» እየተባለ ወራት ያልፋሉ። ከዚያ ልጁ ይመጣል፤ አንድ ቀን ገና ሳይነጋ ዘመድ ቤቱን ሞልቶ ይነቃል።

ልማዱን አልነቅፍም። የማያውቁት ከተማ ውስጥ ብቻን ከመስማት፣ ሰው ከቦ ይዞ ሲነግር ይሻላል። ግን ሳታውቁ ለሟቹ አጎት ስጦታ ይዛችሁ እየሳቃችሁ በር ብታንኳኩ ለእናንተም ለቤተሰቡም ይከብዳል። ስለዚህ አንድ ሰው ምረጡ። እናት አይሆኑም፤ እናት አንጀታቸው አይችልም። ጓደኛ ወይም ደፈር ያለ የአክስት ልጅ ይሁን። «የምገባው በዚህ ቀን ነው። ማወቅ ያለብኝ ነገር ካለ፣ ቤት ከመድረሴ በፊት ቁጭ አድርገህ ንገረኝ» በሉት። ሳይናገሩ ዱብ ማለትም ይቅርባችሁ። ሊነግሯችሁ የሚገባ ነገር ካለ ሽማግሌ የሚጠሩበት ጊዜ ይፈልጋሉ።

2. የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ባዶ ተዉአቸው

ጎረቤት ይመጣል። ቡና ይፈላል። «ምነው ከሳህ?»፣ «ምነው ጠቆርሽ?» መባሉ አይቀርም፤ ስድብ አይደለም፣ ናፍቆት ነው።

ደረጃ ስትወጡ ትንፋሽ ቢያጥራችሁ አትደንግጡ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። ባሕር ዳርቻ የከረመ ሰውነት እንደገና እስኪለምዳት ቀናት ይፈልጋል። ሆድም እንዲሁ ነው። ወራት በሩዝና በኡጋሊ (የበቆሎ ገንፎ ነው) የኖረ ሆድ፣ በመጀመሪያው ቀን ክትፎና ዳጣ ሲወርድበት ያምፃል። በሽሮ ጀምሩ።

ቦርሳውን ደግሞ አልጋ ላይ አታስቀምጡት። ርካሽ ማደሪያዎች ትኋን አያጡም፤ ትኋን ደግሞ በቦርሳ ስፌት ውስጥ ተደብቆ መጓዝ ያውቅበታል። በረንዳ ላይ አራግፉት፣ ስፌቱን በብርሃን እዩት፣ የሚታጠበውን ሁሉ በሙቅ ውሃ እጠቡ።

3. መጀመሪያ ሲም፣ ከዚያ ሌላው

የወረቀት ሥራው ተራ አለው። ስልክ ቁጥራችሁ መጀመሪያ መከፈት አለበት። ፋይዳው (ብሔራዊ መታወቂያው)፣ ባንኩ፣ ቴሌብሩ፣ ሁሉም የማረጋገጫ መልእክት የሚልኩት ወደዚያ ነው። ሳይሞላ የከረመ ቁጥር ይዘጋል፤ ቆይቶም ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ቁጥሩ ካመለጣችሁ ባንኩ ጋ ሄዳችሁ አዲሱን አስመዝግቡ።

ፋይዳ ሳታወጡ ሄዳችሁ ከነበረ አሁን አውጡ። ምዝገባው በነፃ ነው። አሻራ፣ የዓይን ብሌንና ፎቶ ይወስዳሉ። ባንክ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው። ሳይንቀሳቀስ የቆየ ሒሳብም ሊታገድ ስለሚችል፣ ገንዘብ ከማስገባታችሁ በፊት አስከፍቱት።

የተረፈች ዶላር ካለች የብዙ ባንኮችን ዋጋ ጠይቁ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን ከባንክ ባንክ ይለያያል።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን እንዳትጥሉት። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

4. ለቅሶው ይቅደም

አሁን ዋናው ሥራ ነው። ጉብኝቱ ቅደም ተከተል አለው፤ ቢዛባ ሰው ይቀየማል። መጀመሪያ ሐዘን ቤት ነው። አርባው ቢወጣም፣ ሙት ዓመቱ ቢያልፍም ይኬዳል። «አገር ውስጥ አልነበርኩም» ብሎ መቅረት አይሠራም። እንዲያውም ርቆ ቆይቶ የመጣ ሰው መጀመሪያ ወደዚያ ቤት ሲሄድ ይመሰገናል። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ቤቱን የሚያውቅ ሰው አስከትሉ። ደማቁን የጉዞ ሸሚዝ ተዉት። «ነፍስ ይማር፣ እግዜር ያጥናችሁ» ብላችሁ ቁጭ በሉ። ካልተጠየቃችሁ ስለ ጉዞው ትንፍሽ አትበሉ። ከተጠየቃችሁም አሳጥሩት።

ቀጥሎ አራስ ቤት፣ ከዚያ ሠርጉ ያመለጣችሁ ሙሽሮች። እግረ መንገዳችሁን የዕድሩን ጸሐፊ አግኙ። ያለባችሁ ውዝፍ ስንት እንደሆነ፣ ቅጣትም ካለው ጠይቃችሁ ክፈሉ።

የስጦታ ነገርስ? እዚህ ጋ ብዙ ተጓዥ ይሳቀቃል። ከውጭ የመጣ ሁሉ ሠርቶ የመጣ ይመስላል። እናንተ ደግሞ ኪሳችሁን አራግፋችሁ ነው የገባችሁት። ተበድራችሁ ሽቶ አትግዙ። «የሄድኩት ለሥራ ሳይሆን አገር ለማየት ነው» ብላችሁ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ተናገሩ፤ ከቆየ ንፉግ ያሰኛል። ትንሽ ነገር ግን አትጡ። የዛንዚባር ቅርንፉድ ለእናቶች ጥሩ ነው። ሻይ ውስጥ ይገባል፣ ያውዳል፣ አይከብድም።

5. ከተማዋን በእግር ሂዱባት

በድሮ ምልክት ቀጠሮ አትያዙ። በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና ካዛንቺስ ውስጥ ብዙ ቤት ፈርሷል፤ «ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት» ብትሉ ዳቦ ቤቱ ላይኖር ይችላል። አንድ ጠዋት ከመስቀል አደባባይ ተነሱ። በስታዲየም አድርጋችሁ ለገሃር ውረዱ፣ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ውጡ። የካቲት 2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ እዚያው ነው። ከዚያ ወደ አራት ኪሎ። የታክሲ መጫኛዎቹ የት እንደሄዱ፣ ታሪፉ ስንት እንደገባ በዚሁ ታውቃላችሁ። ዳገቱም ትንፋሻችሁን ይፈትሽላችኋል።

6. ትኩሳት ከመጣ የጉዞ ታሪካችሁን ተናገሩ

ይቺን በቀላሉ አትለፏት። የአዲስ አበባ ከፍታ ለወባ ስለማይመች ሐኪሙ መጀመሪያ ወባን ላያስብ ይችላል። ታይፎይድ ተብሎ መድኃኒት ይዞ ቤት መግባት አለ። ከወባ አገር የተመለሰ ሰው ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ከባድ ራስ ምታት ከጀመረው በዚያው ቀን ይመርመር። «እዚህ እዚህ አገር ነበርኩ፣ የወባ ደም ምርመራ ይታዘዝልኝ» ብላችሁ ራሳችሁ አንሱት። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ጉበት ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ «ከመጣሁ ቆየሁ» ብላችሁ አትዘናጉ።

7. ወሬውን በልክ

ሰው ኪሊማንጃሮን ስለማየታችሁ አይጠይቃችሁም። «እዚያ ሐበሻ አለ?»፣ «እንጀራ ታገኝ ነበር?» ነው የሚለው። አትናደዱ፣ ከዚያው ጀምሩ። ናይሮቢ ኢስሊ ውስጥ ስለበላችሁት እንጀራ ስታወሩ፣ ሰው ራሱ «ከዚያስ?» ይላል። ፎቶ የምታሳዩት ያን ጊዜ ነው፤ እሱም ተመርጦ። አንድ የፀሐይ መጥለቂያ ይበቃል። ሁለት ሺህ ፎቶ ያለበትን ስልክ ግን ለማንም አትስጡ፤ ቡናው ከአቦል በረካ እስኪደርስ አይመለስላችሁም።