ውርንጭላው ሆዱን ሲያመው መጀመሪያ የእናቱን ጡት እዩ

አዲስ የተወለደ የፈረስ ውርንጭላ ሆዱን ያመመው ሲመስል ሁሉም የሚያየው ጭራው ስር ነው። እኔ ግን ከባዝራዋ፣ ከእናቱ ጡት ነው የምጀምረው። ጡቷ ተወጥሮ ወተት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ልጇ መጥባት አቁሟል። ፊቱ በወተት ከረጠበማ ጡት ስር ይቆማል እንጂ አይጠባም። ያኔ "እስኪ እስከ ነገ እንየው" ብሎ ነገር የለም፣ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

ጤነኛ ውርንጭላ በተወለደ በ1 ሰዓት ገደማ ይቆማል፣ በ2 ሰዓት ውስጥ መጥባት ይጀምራል። እንገሩ፣ የመጀመሪያው ወተት፣ በሽታ ይከላከልለታል፣ ሆዱንም ያለሰልሳል፤ ግን 24 ሰዓት ካለፈ አንጀቱ መከላከያውን መቀበል ያቆማል።

ከማህፀን ይዞት የመጣው ጥቁርና የሚያጣብቅ ፋንድያ በመጀመሪያው ቀን ወጥቶ ማለቅ አለበት። ካልወጣ ጀርባውን አጉብጦ፣ ጭራውን እያወናጨፈ ያምጣል፣ ይተኛል፣ ይነሳል፣ ይንከባለላል። ወንዶቹ ላይ ይበዛል፣ ዳሌያቸው ጠበብ ስለሚል። ለስላሳ ሳሙና ትንሽ የገባበት ለብ ያለ ውሃ በለስላሳ ቱቦ ቀስ ብሎ በፊንጢጣው ማስገባት ይረዳል፤ ውሃው በራሱ ይግባ እንጂ በኃይል አትግፉት። አንዴ ሞክራችሁ ካልሆነ ለሐኪም ተዉት፣ ውስጡ ስስ ነው፣ ይቀደዳል።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ጀርባውን በማጉበጥ ፋንታ ወገቡን ወደ ታች ሰርጎድ አድርጎ፣ እግሮቹን ዘርግቶ የሚያምጥ ከሆነ ችግሩ የሽንት ሊሆን ይችላል። የሽንት ፊኛው ተቀዶ ከሆነ ሆዱ በቀናት ውስጥ እየተነፋ ይሄዳል፤ ይህ ቤት ውስጥ የሚታከም አይደለም።

ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ዕድሜው ላይ ብዙዎቹን ቀለል ያለ ተቅማጥ ይይዛቸዋል። ባዝራዋ እንደገና አውራ ከምትፈልግበት ጊዜ ጋር ስለሚገጥም ሰው ወተቷን ይወቅሳል። ወተቷ ምንም አላደረገም፣ አንጀቱ አዳዲስ ተህዋስያንን እየለመደ ነው። እየጠባና እየቦረቀ ከሆነ ቂጡን አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ቫዝሊን ቀቡት፣ ቆዳው እንዳይላጥ።

ትኩሳቱ ከ39 ዲግሪ ካለፈ፣ ደም ካያችሁ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ከፈዘዘ ግን አትጠብቁ። ከሌሎች ውርንጭሎች ለዩት፣ እጃችሁንም በደንብ ታጠቡ፤ ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ከሆነ ሰውም ይይዛል። የሰው የተቅማጥ ወይም የሕመም ማስታገሻ ኪኒን በራሳችሁ አትስጡት። ለሐኪሙ ስትደውሉ ዕድሜውን፣ መጨረሻ የጠባበትን ሰዓትና ትኩሳቱን ንገሩት።