በአነስተኛ በጀት ፈጣን የጌም ሞኒተር እንዴት እንምረጥ

የአጎቴ ልጅ ብር አጠራቅሞ ባለ 144 ሄርዝ ሞኒተር ገዛ። ከአራት ወር በኋላ ቤቱ ሄጄ ማውሱን ሳንቀሳቅስ ጠቋሚው እየዘለለ ነው። ሴቲንግ ከፈትኩ። 60 ላይ ተቀምጧል። አራት ወር ሙሉ የከፈለበትን ነገር ዓይኑ አላየውም ማለት ነው። አንጀቴን በላው። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ነው።

በመጀመሪያ ቁጥሩን እንረዳው። ሄርዝ ማለት ሞኒተሩ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ምስል እንደሚያድስ ነው። በ60 አንድ ምስል ለ16.7 ሚሊሰከንድ ይቆያል። በ144 ለ6.9፣ በ240 ደግሞ ለ4.2 ብቻ። እንግዲህ አስሉት። ከ60 ወደ 144 ስትሄዱ ወደ 10 ሚሊሰከንድ ታተርፋላችሁ። ከ144 ወደ 240 ስትሄዱ የምታተርፉት 3 እንኳ አይሞላም፤ ዋጋው ግን ይጨምራል። ኪሳችሁ ውስን ከሆነ ከ144 እስከ 180 ያለው ይበቃችኋል። በ165 እና በ180 መካከል ያለውን ልዩነት በዓይን መለየት ከባድ ነው፤ ለእሱ ብላችሁ ተጨማሪ ብር አታውጡ።

ከሞኒተሩ በፊት ማሽናችሁን እዩ

ሞኒተር ምስል አይፈጥርም። ምስሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርዱና ፕሮሰሰሩ ናቸው። ካርዱ በሰከንድ 50 ፍሬም (ምስል) ብቻ እየሰጠ ሞኒተሩ 144 ቢሆን የምታዩት ያንኑ 50 ነው። ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት አዘውትራችሁ የምትጫወቱትን ጌም ክፈቱና ኤፍፒኤስ ማሳያውን (በሰከንድ ስንት ፍሬም እንደሚወጣ የሚናገረውን) አብሩ። ሰው የሚበዛበት፣ ቦምብ የሚፈነዳበት ቦታ ላይ ስንት እንደሚል ጻፉ። ሜኑ ላይ ቆማችሁ የምታዩት ቁጥር አይጠቅማችሁም።

ጌሙም ይለያያል። ቫሎራንት ቀላል ነው፤ እንደ ጂቲኤክስ 1650 ባለ ካርድ እንኳ ከ144 በላይ ሊሰጥ ይችላል። ሳይበርፐንክ 2077 ግን እዚያው ካርድ ላይ 60 ለመድረስም ይቸገራል። ጨዋታችሁ ሁሉ ከሁለተኛው ዓይነት ከሆነ፣ ብሩን ለካርድ ማዋል ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ፕሌይስቴሽን ላይ ለምትጫወቱ ነገሩ አጭር ነው። ፕሌይስቴሽን 4 ከ60 አያልፍም፤ ፈጣን ሞኒተር ብትገዙለት ለውጥ የለውም። ፕሌይስቴሽን 5 እስከ 120 ይሄዳል፤ እሱም ጌሙ ከፈቀደ።

ስፋትና ጥራት

ለአነስተኛ በጀት የእኔ ምርጫ 24 ኢንች በ1080 ነው፤ 1080 ማለት ከላይ እስከ ታች ያሉት ፒክስሎች (ምስሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ብዛት ነው። ካርዱን አያስጨንቅም፣ ምስሉም ጥርት ያለ ነው። ብዙ ሰው ግን 27 ኢንች ያምረዋል። 27 ላይ 1080 ሲዘረጋ ፒክስሎቹ ይሰፋሉ፤ ቀረብ ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ፊደሎቹ ሻካራ ይሆኑባችኋል። 27 ካማራችሁ 1440 ይሁን። ይህ ግን ለካርዱ ወደ 1.8 እጥፍ ፒክስል መሸከም ማለት ነው። ቀደም ሲል የጻፋችሁትን ኤፍፒኤስ አሁን መለስ ብላችሁ እዩት።

ፓነሉ ላይ አትቸኩሉ

እኔ ከሄርዙ በላይ የምጨነቀው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ዓይነት ፓነል (ምስሉን የሚያሳየው የሞኒተሩ ገጽ) በብዛት ታገኛላችሁ። ቲኤን ፈጣን ነው፤ ግን ከጎን ወይም ከታች ስታዩት ቀለሙ ይገለባበጣል። ቪኤ ጥቁሩ ጠለቅ ያለ ነው፣ ፊልም ላይ ደስ ይላል። ርካሾቹ ቪኤዎች ግን ጨለማ ቦታ ላይ ይጎትታሉ፤ ገጸ ባሕርዩ ጨለማ ኮሪደር ውስጥ ሲሮጥ ከኋላው ጭስ የመሰለ ጥላ ይከተለዋል። አይፒኤስ ጥቁሩ ትንሽ ግራጫ ቢሆንም ቀለሙም ፍጥነቱም ጥሩ ነው። ተኩስ ለምትጫወቱ አይፒኤስ ውሰዱ።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ «1 ሚሊሰከንድ» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ፤ ፒክስሉ ቀለም ለመቀየር የሚወስድበት ጊዜ ነው። እሱን አይታችሁ አትወስኑ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ሞኒተሩ እስከ መጨረሻው ተገፍቶ የተገኘ ነው፤ እንደዚያ ሲገፋ ደግሞ ከሚንቀሳቀሰው ነገር ኋላ ነጣ ያለ ጥላ ይመጣል። ርካሽ ሞኒተር ላይ የተለጠፈ «ኤችዲአር 400» (የብርሃንና የጨለማውን ልዩነት ያሰፋል የሚባለው) የሚል ምልክትም ለምስሉ ብዙ አይጨምርም። ፍሪሲንክ መኖሩን ግን አረጋግጡ። የካርዱ ፍሬም ከፍ ዝቅ ሲል ሞኒተሩ አብሮት እንዲሄድ ያደርጋል፤ ምስሉ ለሁለት የተቀደደ መምሰሉ ይቀራል። ከጂቲኤክስ 10 ጀምሮ ያሉ የኤንቪዲያ ካርዶችም ከ2019 ወዲህ አብዛኞቹን የፍሪሲንክ ሞኒተሮች ዲስፕሌይፖርት በሚባለው የሞኒተር መሰኪያ ይቀበላሉ።

ሱቅ ውስጥ

ላፕቶፕ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ስልካችሁ ወይም ፍላሽ ላይ አምስት ምስል ጫኑ፦ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። አንድ በአንድ ሙሉ ስክሪን ላይ ክፈቱ። የሞተ ፒክስል ነጩ ላይ እንደ ዝንብ ኩስ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። ጥቁሩን ስትከፍቱ ማዕዘኖቹን እዩ። ትንሽ ብርሃን ማፍሰስ አይፒኤስ ላይ ያለ ነው፤ መሀል ድረስ የገባ ከሆነ ግን ሌላ አምጡልኝ በሉ።

ከዚያ ማውሱን በፍጥነት ክብ አዙሩ። በ60 ጠቋሚው ተራርቆ የተበተነ ይመስላል። በ144 ጠቋሚዎቹ ተጠጋግተው እንደ ማራገቢያ ይዘረጋሉ። ይህን አንድ ጊዜ ካያችሁት በኋላ ማንም አያታልላችሁም። ላፕቶፑ ላይ ያለው የሞኒተር መሰኪያ አሮጌ ከሆነ 144 ላያሳይ ስለሚችል ሞኒተሩን ቶሎ አትኮንኑ።

ያገለገለ ስትገዙ ቢያንስ 20 ደቂቃ ሳይጠፋ ይቆይ። የሚያብለጨልጭ ከሆነ ሲሞቅ ይታወቃል። የማቆሚያውን ብሎኖችና የኬብል መሰኪያዎቹን ነካ ነካ አድርጉ፤ የላላ መሰኪያ በኋላ ያስለቅሳል። ከአሜሪካ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ ደግሞ አዳፕተሩ ላይ «100–240 ቮልት» የሚል ጽሑፍ መኖሩን ቀድሞ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ።

ቤት ስትደርሱ

ኬብሉ ዋና ነገር ነው። ኮምፒውተራችሁ ዲስፕሌይፖርት ካለው በእሱ አገናኙ። ከሌለው ኤችዲኤምአይ 2.0 ለ1080ም ለ1440ም 144 ይችላል። በአሮጌ ቪጂኤ ኬብል ግን 144 አትጠብቁ። ዴስክቶፕ ካላችሁ ኬብሉን ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ግራፊክስ ካርዱ ላይ ሰኩት።

አሁን የአጎቴ ልጅ የዘለለው ቦታ ላይ ደረስን። ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ አዲስ ሞኒተርን በ60 ነው የሚጀምረው። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ግቡ። ሪፍሬሽ ሬት የሚለውን ወደ ትልቁ ቁጥር ቀይሩ። ከፍተኛው ቁጥር ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የኬብሉ ነው።

ፍሪሲንክን ሁለት ቦታ ማብራት አለባችሁ፤ ሞኒተሩ ላይ ባለው ሜኑና በግራፊክስ ካርዱ ሶፍትዌር ውስጥ። ሜኑው ላይ ሳላችሁ ኦቨርድራይቭ የሚለውን (ቅድም ሞኒተሩን ይገፋዋል ያልነው እሱ ነው) መካከለኛ ላይ አድርጉት። በመጨረሻ ጌሙ ውስጥ የፍሬም ገደቡን ከሞኒተሩ ትንሽ ዝቅ አድርጉ፤ ለ144 ሄርዝ 141 ጥሩ ነው። ፍሬሙ ከሞኒተሩ ካለፈ ፍሪሲንክ ሥራውን ያቆማልና።