በቶርኖ የተሠሩ የፈረንሳይ ወንበሮችንና ጠረጴዛዎችን ሲገዙና ሲያድሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት አንስቶ እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ በፈረንሳይ የተሠሩ፣ እግራቸው በቶርኖ (እንጨትን እያሽከረከረ በሚቀርጽ መሣሪያ) የተቀረጸ፣ ኦክና ቢች ከተባሉ ጠንካራ እንጨቶች የወጡ ወንበሮች፣ በርጩማዎችና ጠረጴዛዎች ዛሬ ብዙ ፈላጊ አላቸው። ገዢዎች የሚጎዱት በአብዛኛው እንጨቱን ሳይመረምሩ ሲከፍሉ ወይም ለማሳመር ሲቸኩሉ ነው።

ቀዳሚው ስህተት ስምን አምኖ መግዛት ነው። የቤት ዕቃ ንድፍ አውጪዎቹ ሮቤር ጊየርምና ዣክ ሻምብሮን በ1949 (እ.ኤ.አ.) በፈረንሳይዋ ሊል ከተማ «ቮትር ሜዞን» የተባለውን ድርጅት ካቋቋሙ በኋላ ወፍራም የኦክ ሥራዎቻቸው በመታወቃቸው፣ አንዳንድ ሻጭ ከባድ እግር ያለውን ሁሉ የእነርሱ ነው ይላል፤ የሣር መቀመጫ ያለውን ደግሞ ለታዋቂዋ ፈረንሳዊት ንድፍ አውጪ ለሻርሎት ፔሪያን ይሰጣል። የሣር መቀመጫ ያላቸውን ወንበሮች ግን የፈረንሳይ ገጠር ባለሙያዎች ከእርሷ አስቀድመው ሲሠሩ ኖረዋል። ምልክት ወይም አስተማማኝ የግዢ ታሪክ ከሌለ ዋጋው ሠሪው እንዳልታወቀ ዕቃ ሊሆን ይገባል።

እንደ ገመድ የተጠማዘዘ እግርን አይቶ ዕቃው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው ማለትም ያሳስታል፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነገሠው የፈረንሳይ ንጉሥ የሉዊ 13ኛ ዘመን ቅርጽ በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመንም በብዛት ተሠርቷል።

ሦስተኛው ስህተት በጥቂት ዕውቀት መፍረድ ነው። እንጨት ሲደርቅ በዓመታዊ ቀለበቶቹ አቅጣጫ የሚኮማተረው ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ባለው አቅጣጫ ከሚኮማተረው በእጥፍ ገደማ ስለሚበልጥ፣ አሮጌ ክብ እግር በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ሲለካ ጥቂት ሞላላ ሆኖ ይገኛል። ይህ የዕድሜ ጥሩ ፍንጭ ቢሆንም፣ በደንብ ከደረቀ እንጨት የተቀረጸ የ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እግር ክብነቱን ጠብቆ ሊቆይ ይችላል። አራቱ እግሮች ፍጹም መመሳሰላቸውም የሐሰት ሥራ ማስረጃ አይደለም፤ ቅርጽን ከናሙና የሚገለብጡ ቶርኖዎች በዚያ ዘመን ፋብሪካዎች ነበሩ።

በእኔ ግምት ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሚመጣው ከብርጭቆ ወረቀት ነው። የቶርኖ ሥራ ውበቱ በቀለበቶቹና በጎድጓዶቹ ስል ጠርዝ ላይ ስለሆነ፣ አንዴ ተፍቆ ከተድበሰበሰ የሚመለሰው እግሩን እንደገና በማጥበብ ብቻ ነው። ስለዚህ አስቀድመው በማይታይ ቦታ ላይ አልኮል የነካ ጨርቅ ይሞክሩ፤ ቅቡ ከለሰለሰና ከተጣበቀ ሼላክ (በአልኮል የሚሟሟ የተፈጥሮ ሙጫ ቅብ) ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይፋቅ ሊታደስ ይችላል። የብረት መፈግፈጊያም ለኦክ አይስማማም፤ በእንጨቱ ቀዳዳ የቀረው የብረት ብናኝ እርጥበት ሲያገኝ በኦክ ውስጥ ካለው ታኒን ከተባለ ንጥረ ነገር ጋር ተዋሕዶ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል።

የላላ መጋጠሚያን በሚስማር መምታት እንጨቱን ይሰነጥቃል። የቀድሞው ኮላ ከእንስሳት ቆዳ የተሠራ ከሆነ በሙቅ ውኃ ስለሚለቅ፣ መጋጠሚያውን ፈትቶ አሮጌውን ማጽዳት ይገባል፤ በላዩ የፈሰሰ አዲስ ኮላ አይዝም። ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሉም ዕቃውን ቤት ከማስገባትዎ በፊት ጥቁር ወረቀት ላይ አቁመው ለጥቂት ሳምንታት ይከታተሉ፤ አዲስ ዱቄት ከወደቀ ነቀዙ በሕይወት እንዳለ ይጠርጥሩ።