ዲስክ ቆጣሪው በስማርት ቆጣሪ ከተቀየረ በኋላ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ጅማ ውስጥ የድሮው ባለ ዲስክ የመብራት ቆጣሪ ወርዶ ስማርት ቆጣሪ ሲሰቀል ብዙ ጊዜ የሚሰማው ቅሬታ አንድ ነው። «ይሄ ቆጣሪ ይበላል!» አንዳንዴ እውነት ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ከቆጣሪው ወዲህ፣ ግቢ ውስጥ በተዘረጋው ገመድ ላይ ነው። ስለዚህ ለአቤቱታ ከመውጣትዎ በፊት ቤትዎን ይፈትሹ።

ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። የድሮው ቆጣሪ ከመነቀሉ በፊት የመጨረሻውን ንባብና የቆጣሪውን ቁጥር በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። አዲሱ ሲሰቀልም እንደዚያው ያድርጉ። በኋላ የሂሳብ ክርክር ቢነሳ ከእነዚህ ፎቶዎች የተሻለ ማስረጃ የለም። ሁለተኛ፣ የቆጣሪውን ማሸጊያ በፍጹም አይንኩ። በሕግ ከማስጠየቁም በላይ ከምሰሶ እስከ ቆጣሪ ያለው ገመድ የቤትዎን ብሬከር ቢያጠፉም ኤሌክትሪክ አለበት። ሰው ይገድላል።

ሂሳቡ ድንገት ጨመረ

መጀመሪያ ብሩን ትተው ኪሎዋት ሰዓቱን፣ ማለትም የተጠቀሙበትን የኤሌክትሪክ መጠን፣ ያወዳድሩ። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ ተመሳሳይ ፍጆታ ዛሬ የበለጠ ብር ያስከፍላል። ፍጆታው ከፍ ሲል ደግሞ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። አከራይና ሦስት አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙበት ግቢ ውስጥ ይሄ በደንብ ይሰማል።

ኪሎዋት ሰዓቱ ራሱ ከጨመረ ሁለት ምክንያት ሊኖር ይችላል። አንደኛው የድሮው ቆጣሪ ማርጀቱ ነው። ዘመናት የዞረ ዲስክ አቧራና ዝገት ይይዘዋል፤ ለቻርጀርና ተጠባባቂ ላይ ላለ ቴሌቪዥን ጨርሶ ላይንቀሳቀስ ይችላል። አዲሱ ያንን ሁሉ ይቆጥራል። ይሄ ጭማሪ ግን መጠነኛ ነው። በእጥፍ ከጨመረ ሁለተኛውን ይጠርጥሩ፤ ኤሌክትሪክ እየፈሰሰ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ያጥፉ፣ ፍሪጁንም ይንቀሉ፣ ብሬከሩ ግን ይብራ። ከዚያ ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሽ ቀይ መብራት ይመልከቱ። ብልጭ ድርግም ካላለች ደህና ነው። ሳትጠፋ ቀጥ ብላ ብትበራም አይደንግጡ፤ በብዙዎቹ ቆጣሪዎች ይሄ ምንም ጭነት የለም ማለት ነው። ብልጭ ድርግም ማለቷን ከቀጠለች ግን ብሬከሮቹን አንድ በአንድ ያጥፉ። አንዱን ሲያጥፉ ካቆመች ፍሳሹ በዚያ መስመር ላይ ነው። ዋናውን ብሬከር አጥፍተውም ካላቆመች ከቆጣሪውና ከብሬከሩ መሃል የተቀጠለ መስመር አለ። ሰርቪስ ቤቱን ወይም ጎረቤትን ይጠይቁ።

ኮቺ አካባቢ በአንድ ግቢ ይሄው ሆኖ አይቻለሁ። ከዋናው ቤት ወደ ማድ ቤት የሚሄደው ገመድ መሬት ውስጥ ተቀብሯል። መሃሉ ላይ ተቀጥሎ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ሲቆፈር ፕላስተሩ ላልቶ፣ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ እርጥብ ጭቃ ውስጥ ተኝቷል። በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ፍሳሹ ይቀንሳል። የጅማ ዝናብ ሲጀምር ቀን ከሌት ይቆጥራል። ልጆች በባዶ እግራቸው የሚሮጡበት ግቢ ነው፤ እኔን ያስጨነቀኝ ከሂሳቡ ይልቅ ይሄ ነበር። መፍትሄው ያልተቀጠለ አዲስ ገመድ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ማሳለፍና ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲፈስ የሚያቋርጥ ብሬከር ማስገባት ነው። ብሬከሩ ገንዘብ ያስወጣል፣ ግን ያስገቡት።

ፍሳሽ ከሌለና ጥርጣሬዎ ቆጣሪው ላይ ከሆነ ይለኩት። ቆጣሪው ፊት ላይ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደሚል ተጽፏል፤ ለምሳሌ 1600። የ1500 ዋት ምድጃ ብቻ ያብሩና በደቂቃ ይቁጠሩ። ወደ 40 መሆን አለበት። ይህን ቀን ላይ ያድርጉት። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲያበስል ኃይሉ ከ220 ቮልት ወደ 180 ቢወርድ ያው ምድጃ የሚስበው 1000 ዋት ገደማ ብቻ ነው፤ ብልጭታውም ወደ 27 ይወርዳል። ቀን ላይ 50ና 60 ከመጣ ግን አቤቱታዎ መሠረት አለው። ቪዲዮ ቀርጸው ቆጣሪው እንዲመረመር በጽሑፍ ይጠይቁ።

ቶክኑን አልቀበል አለ

የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ከሆነ ቶክኑ፣ ማለትም ሲከፍሉ የሚሰጥዎና ቆጣሪው ላይ የሚያስገቡት ቁጥር፣ 20 አሃዝ ነው። በአራት በአራት ከፍለው ቀስ ብለው ያስገቡት። አሁንም ካልተቀበለ ደረሰኙ ላይ ያለውን የቆጣሪ ቁጥር ከቆጣሪው ጋር ያመሳክሩ፤ ቅያሪ በተደረገ ሰሞን በድሮው ቁጥር መክፈል የተለመደ ስህተት ነው። ሌላም አለ። ባለ 20 አሃዝ ቆጣሪዎች በዓለም ዙሪያ እስከ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. እንደገና መስተካከል ነበረባቸው። ያልተስተካከለ ቆጣሪ ከዚያ ቀን ወዲህ የወጣ ቶክን አይቀበልም። ማስተካከያው ሁለት ልዩ ቶክን ነው፤ አገልግሎት መስጫው ሄደው ይጠይቁ።

ምጣድ ሲለኮስ ቆጣሪው ያቋርጣል

ከአቅም በላይ ጭነት ነው። 3500 ዋት ምጣድ 16 አምፔር፣ 2000 ዋት ምድጃ 9 አምፔር ይስባል። ካውያ ሲጨመር 30 ይጠጋል። የድሮው ቆጣሪ ዝም ብሎ ይችል ነበር። አዲሱ ከተወሰነለት በላይ ሲሆን ያቋርጣል። እንጀራ ሲጋገር ምድጃውን ያጥፉ፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ይመለሳል። ሁሉም አንድ ላይ የግድ ከሆነብዎ ኃይል ማሳደግ ነው ያለብዎት።

መብራቱ ይርገበገባል፣ ቆጣሪው ይሞቃል

ምጣድ ሲበራ አምፖሉ ከተርገበገበ፣ ወይም ቆጣሪው አካባቢ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ የገመድ ማሰሪያ ብሎን ላልቶ ሊሆን ይችላል። ከምሰሶ የሚመጣው ገመድ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ነው። በአግባቡ ካልተጠበቀ፣ ወይም ከመዳብ ጋር በቀጥታ ከተጠመዘዘ፣ በእንደኛ አገር እርጥበት ቶሎ ይበላሻል፣ ይግላል። ምጣዱን ያጥፉ፣ ዋናውን ብሬከር ያውርዱ፣ ወደ መብራት ኃይል የጥሪ ማዕከል 905 ይደውሉ። ነገ እደውላለሁ አይባልም፤ የቤት ቃጠሎ ከዚህ ይነሳል።

አንዱ አምፖል ከመጠን በላይ ደመቀ፣ የጎረቤት ደግሞ ደበዘዘ

ይሄ የቆጣሪ ችግር አይደለም። ከሁሉም ግን አስቸኳዩ ነው። መስመሩ ላይ ኑትራል የሚባለው የመመለሻ ገመድ ተበጥሷል ወይም ላልቷል። በዚህ ጊዜ 220 ቮልት መሆን የነበረበት እስከ 380 ሊጠጋ ይችላል። ፍሪጅና ቴሌቪዥን በደቂቃ ውስጥ ይቃጠላል። በየሶኬቱ እየዞሩ ከመንቀል ቀጥታ ዋናውን ብሬከር ያውርዱ። ከዚያ 905 ይደውሉና ከእርስዎ ጋር ከአንድ ምሰሶ የሚስቡትን ጎረቤቶች በር ያንኳኩ፤ እነሱም እንዲያጠፉ ይንገሯቸው። ጠጋኙ ባለሙያ መጥቶ ቮልቱን በመለኪያ ሳያሳይዎ ብሬከሩን አይመልሱ።